ባሕሩ በግራ በኩል

ረጅሙ ባቡር በደጃችን ሲያልፍ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአባቴ ፎቶግራፍ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጅ ሆኜ አባቴ ራሱን የሚነቀንቅልኝ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሞተ በኋላ እንጂ በሕይወት እያለ ብዙም አልነቀነቀልኝም፤ ዓመቱን ሙሉ ቶሪኖ ነበርና።

ይህ ባቡር ከቶሪኖ ሲሲሊ፣ ከሲሲሊ ቶሪኖ በየቀኑ ይመላለሳል። ሥራ ፍለጋ የሄደው የአገራችን ሰው ሁሉ በእሱ ሄደ፤ የተመለሰውም በእሱ ተመለሰ። አባቴ በእንጨት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በገመድ የታሰረ የካርቶን ሻንጣ ይዞ ሄዷል። እኔ የተሻለ ጊዜ ደርሶኝ ስፖንጅ ባለው ወንበር ነው የሄድኩት። ወደ ሰሜን ሲሄድ ባቡሩ አይብና የወይራ ዘይት ይሸታል። ወደ ደቡብ ሲመለስ አዲስ ጫማ ይሸታል። በዚያን ጊዜ በጣም ረጅም ስለነበረ በእኛ ጣቢያ በፓቲ ሲቆም ጅራቱ ከመሳፈሪያው ውጪ ይቀር ነበር፤ ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች ጠጠር ላይ እየዘለሉ ይወርዳሉ።

ወንድሜ ቢያጆም በእሱ ሄዷል። እሱ ግን አልተመለሰም።

ሲሲሊ ደሴት ናት፤ ባቡር ደግሞ አይዋኝም። ስለዚህ የየብሱ ጫፍ ቪላ ሳን ጆቫኒ ሲደርስ ባቡሩን እንደ ቋሊማ ይቆራርጡትና መርከብ ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን ይደረድሩታል። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ሐዲድ አለ። ማዶ፣ መሲና ላይ ሲወጣ ግማሹ በሰሜኑ ዳርቻ ወደ እኛ ወደ ፓቲና ወደ ፓሌርሞ ይሄዳል፤ ግማሹ በምሥራቁ ዳርቻ ወደ ካታኒያና ወደ ሲራኩዛ ይሄዳል። መርከቡ እስኪሻገር ሰው ሁሉ ከፉርጎው ወርዶ በብረቱ ደረጃ ወደ ሰገነቱ ይወጣል። ነፋስ ሊቀበል፣ የመሲና ወደብ ላይ የቆመውን የእመቤታችንን ሐውልት ሊሳለም ነው የሚወጣው፤ ዋናው ነገር ግን አራንቺኖ ሊበላ ነው። አራንቺኖ በሆዱ ሥጋና አተር የያዘ፣ እጅ የሚሞላ የተጠበሰ ሩዝ ነው። የመርከቡን አራንቺኖ ያልበላ ሰው አገሩ የገባ አይመስለውም።

ከዚያ ጡሩንባው ይነፋል። ሁሉም እየተጋፋ ይወርዳል፤ አፉ ሞልቶ፣ ጣቱ በዘይት ርሶ፣ ፊት ለፊቱ ያገኘው ፉርጎ ውስጥ ይገባል። አንዳንዴ ታዲያ ሰው ይሳሳታል። እናቱ ፓቲ የምትጠብቀው ልጅ ካታኒያ ይገኛል። በማግስቱ እያፈረ ይመጣል፣ ሰፈሩ ይስቅበታል፣ በዚሁ ያልቃል።

ቢያጆ ለገና እየመጣ ሳለ ክፍሉ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ አራንቺኖ ላምጣላችሁ ብሎ ወጣ። ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ነው የወጣው። መርከቡ ማዶ ደረሰ፣ ፉርጎዎቹ ተቀጣጠሉ፣ እሱ አልመጣም። አብረውት የነበሩት ሰዎች ፓቲ ሲደርሱ ሻንጣውንና ኮቱን በመስኮት ለእናቴ አቀበሏት።

«አይዞሽ እትዬ ፊሊፓ፣ ፉርጎ ተሳስቶ ነው። ነገ ይመጣልሻል» አሏት።

ነገ አልመጣም። ተጠየቀ፣ ተፈለገ፤ ሬሳ አልተገኘም። የዚያን ቀን ባሕሩ ይናወጥ ነበር፣ የሰገነቱ ወለል ያንሸራትት ነበር። የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ለእናቴ አፉን ሞልቶ የነገራት ግን የለም፤ እኔም ጭምር። እናቴ ያንኑ በመስኮት የሰጧትን ቃል ይዛ ቀረች። ፉርጎ ተሳስቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባቡሩ ሲመጣ ሁልጊዜ ጣቢያው ላይ ናት። የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ሳሮ ከቢሮው ወንበር ያወጣላታል። ኮቱን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ትቀመጣለች። ባቡሩ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ባቡሩ ይሄዳል።

«ዛሬም አልቀናውም» ትልና ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

*

እኔ ቶሪኖ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምሠራው። በየነሐሴው ለእረፍት ስመጣ፣ ባቡሩ መርከቡ ሆድ ውስጥ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ እኔ አልወጣም። መብራቱን ያጠፉታል። ውጪው ጠዋት ቢሆንም እዚያ ውስጥ ጨለማ ነው። ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ ብረቱ ያቃስታል፣ ከብረቱ ወዲያ ባሕሩ ሲተነፍስ ይሰማል። ከላይ የሰው እግር ይሰማኛል። እያንዳንዱን ኮቴ አዳምጣለሁ። ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ፤ ማንም እንዳይዘው። ሞቷል ብዬ በአፌ አላልኩም እንጂ በልቤ አውቃለሁ። ቢሆንም ቦታውን አልለቅም።

አንድ ነሐሴ እንደዚያ ተቀምጬ ሳለሁ የብረቱ ደረጃ ጮኸ። ጡሩንባው ገና አልተነፋም። አንድ ኮቴ ብቻውን ወረደ፤ ኮሪደሩን ይዞ መጣ። የኛ ክፍል በር ተከፈተ። የተጠበሰ ሩዝ ሸተተኝ። ሰውየው ገባና ፊት ለፊቴ፣ እዚያ ቦታ ላይ ተቀመጠ።

«ቢያጆ?» አልኩ።

«አይደለሁም» አለ ጨለማው። «ግን አራንቺኖ አለኝ።»

«ቦርሳዬ ላይ ነው የተቀመጥከው!»

«ውይ፣ ይቅርታ! ደግሞ እንዴት ይመቻል። ምንድነው ውስጡ?»

«ለእናቴ የያዝኩት ሹራብ ነው። ተነሣ፣ ቦታው ሰው አለው።»

«ማን?»

«ወንድሜ።»

«የት ሄዶ?»

«አራንቺኖ ሊያመጣ።»

«በይ እስኪመጣ ይሄን ያዢ» አለና በጨለማው እጄን ፈልጎ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ነገር አስጨበጠኝ። ሁለት ነበር የያዘው። ለምን ሁለት እንደገዛ ኋላ ስጠይቀው፣ አንዱ አያጠግበኝም አለኝ። ሆዳምነቱ ነው ያገናኘን።

ዳሰስኩት። «ሹል ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«አራንቺኖው። አራንቺኖ ክብ ነው የሚሆነው።»

«እናንተ ዘንድ ነው ክብ፤ የመርከቡ ጠባሽ የኛ አገር ሰው ነው። እኛ ኤትና ተራራ አለን፤ ሹል እንሠራለን። የእናንተን ያየ ሰው ከመብላት ማንከባለል ነው የሚያምረው።»

«ከየት ነህ አንተ?»

«ከጃሬ። አልፊዮ እባላለሁ።»

«የጃሬ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

«ምን ይሠራል ትያለሽ እንዴ? አገሬ ልገባ ነዋ!»

«ወንድሜ፣ ይሄ ፉርጎ ወደ ፓሌርሞ ነው የሚሄደው።»

«እህቴ፣ እኔ ከቶሪኖ ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ትናንት አንቺን ያላየሁሽ ቆሜ ኮሪደር ላይ ስላመሸሁ ነው።»

«ይሁና። ሻንጣህ የታለ?»

ተነሥቶ ወደ ላይ ሲዳስስ ሰማሁት። የኔን ሻንጣ ዳሰሰ። የሌሎቹን ዳሰሰ። አንድ ጠርሙስ ሊወድቅ ነበር፣ ያዘው።

«ተዘርፌያለሁ!» አለ።

ሳቅኩ። ከቢያጆ ወዲህ እዚያ ጨለማ ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቄን ሰምቶ መዳሰሱን አቆመ።

«ተሳስቻለሁ ማለት አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ወደ ጃሬ ሲኬድ ባሕሩ በግራ ነው። ስንወጣ እናያለን።»

«እናያለን» አልኩ።

ፉርጎው ከመርከቡ ሲጎተት ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ገባ፤ ያን ጊዜ ተያየን። አገጩ ላይ ዘይት ነበረበት። ዓይኑ ለሰው በጣም ቅርብ የሆነ፣ የማያፍር ዓይን ነበር። እኔ ምን እንደመሰልኩ አላውቅም። እሱ ግን አራንቺኖውን በእጁ እንደያዘ መብላቱን ረሳ።

በመስኮቱ ማዶ፣ በጎን ባለው ሐዲድ ላይ፣ የሲራኩዛው ግማሽ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሻንጣው እዚያ ውስጥ ነበር።

«ሩጥ! ትደርስበታለህ» አልኩት።

ተነሣ። ፉርጎው እያለፈ ሲሄድ አየው። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ቦርሳዬን መጀመሪያ አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገውና ነው የተቀመጠው።

«ሄደ» አለ።

ከመሲና ቀጥሎ ካለው ዋሻ ስንወጣ ባሕሩ በቀኝ በኩል ተዘርግቶ ጠበቀን። ትንሽ አየውና «እሺ፣ ተሸነፍኩ» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድምሽ እኮ አልመጣም» አለኝ።

«አይመጣም» አልኩና ነገርኩት። ለማንም ያልተናገርኩትን፣ ስሙን ካወቅኩ አንድ ባሕር መሻገሪያ ያህል ብቻ ለሆነኝ ሰው ነገርኩት። ፓቲ ሳንደርስ ባለው ጣቢያ፣ ሚላሶ ላይ ወርዶ መመለስ ነበረበት። አልወረደም። ሻንጣሽን ልያዝልሽ ብሎ እስከ ፓቲ መጣ።

*

እናቴ እንደ ሁልጊዜው ወንበሯ ላይ ነበረች። ሳመችኝ። ከዚያ ዓይኗ ከኋላዬ ሻንጣ ተሸክሞ የሚወርደው ሰው ላይ አረፈ።

«ማነው ይሄ?»

«ማንም አይደለም እማዬ። ፉርጎ ተሳስቶ ነው።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። እናቴ ተነሣች። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ሄዳ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ፉርጎ ተሳስተህ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«እና መጣህ!»

«መጣሁ።»

«ወዴት ነበር መንገድህ?»

«ወደ ጃሬ።»

«ከዚያኛው ወገን!» አለች፤ ጣቢያው ሁሉ ሰማ። «እንግዲያ ልጄን አይተኸዋል። ቢያጆ ይባላል። ረጅም ነው፤ የፊት ጥርሱ መሐል ክፍተት አለው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። አይተኸዋል አይደል?»

ጋሽ ሳሮ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ሳይነፋ ቀረ። አልፊዮ ወደ እኔ አየ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩለት። አየኝ፣ ገባው፤ ቢሆንም እጁ በእጇ ውስጥ ነበር።

«አይቼዋለሁ» አለ።

«በርዶታል? ኮቱን ትቶ ነው የወጣው።»

«አልበረደውም፣ እማማ። እኛ ጋ ፀሐይ ነው።»

እናቴ ተቀመጠች፤ መሬት ላይ፤ ወንበሩ ወድቆ ነበርና። እዚያው ሆና አለቀሰች፣ ሳቀችም።

በዚያ ቀን ምሳ ከበላ በኋላ ወደ ጃሬ ከመሄዱ በፊት ደጅ ላይ ደረቱን በቡጢ መታሁት።

«ምን አደረግህ? ምን አደረግህ አንተ ቀጣፊ!»

«እጄን ይዛኝ ነበር እኮ፣ ቲንዳራ።»

«እና?»

«አንቺ ብትሆኚ እጅሽን ይዛሽ አላየሁትም ትያት ነበር?»

ቡጢዬን ፈታሁ። እጄን ይዛኝ ስንት ጊዜ ዝም ብያት አውቃለሁና።

*

እሑድ ተመለሰ። ሻንጣውን አግኝቷል፤ አንድ ቅርጫት ሎሚም ይዟል። «ከቢያጆ ነው» አለ ለእናቴ። ቢያጆ ሎሚ እርሻ ውስጥ ይሠራል አላት። ባዶ እጁን መምጣት አፍሯል፣ ትንሽ ሲያልፍልኝ በራሴ እግር እመጣለሁ ብሏል አላት። ይህን እናቴ አመነች። ስንቱ የአገራችን ሰው ባዶ እጁን ላለመምጣት ሰሜን ቀርቷል!

በሚቀጥለው እሑድም መጣ። እናቴ ወዟ ተመለሰ። መተኛት ጀመረች። እሑድ ጣቢያ መሄድ ተወች፤ ዜናው በእግሩ ስለሚመጣላት። ማካሮኒውን በባድንጃን ትሠራለች፣ አልፊዮን «ብላ ልጄ» ትለዋለች፣ ለቢያጆ ብላ ካልሲ ትሰጠዋለች። ከምሳ በኋላ እኔና እሱ አባቴ ቶሪኖ ሳይሄድ ሸክላ ይተኩስበት የነበረው የድሮ ምድጃ ጋ ሄደን እንቀመጣለን። እናቴ በመስኮት ታየናለች፤ እንዳላየች ትሆናለች።

እዚያ ነው የወደድኩት። አልዋሽም፣ በጣም ወደድኩት። እጁ ከእጄ ሲጠጋ ምድጃው የተለኮሰ ይመስለኝ ነበር። ግን እሱ ሲስቅ አንዳንዴ አፉን በእጁ ይሸፍን ጀመር። ሳያውቀው ነው። ስለ ቢያጆ በጣም ከማውራቱ ብዛት ነው። አንድ ቀን ይህን ሳይ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

«እጅህን አውርድ!» አልኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«ማንን ነው የምታገባው? እኔን ነው ወይስ የወንድሜን ቦታ?»

«አገባሻለሁ ብዬ ገና አልጠየቅኩሽም» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

«ልትጠይቀኝ ነው። ስትጠይቀኝ እንቢ እልሃለሁ። ለእናቴ እውነቱን እስክትነግራት እንቢ ነው።»

«ብነግራት ትሞትብሻለች።»

«ካልነገርካት ደግሞ በየእሑዱ አንድ የሞተ ሰው ማዕድ ላይ እያስቀመጥን እንኖራለን። ልጅ ብንወልድ አጎትህ ጃሬ ነው፣ ያፍራል፣ ነገ ይመጣል እንለዋለን?»

«አንቺ ንገሪያት እንግዲያ።»

«ውሸቱ ያንተ ነው። ያቆመ ያፍርሰው።»

ግትር ናት ይሉኛል። ነኝ። ፋብሪካው ሊከፈት፣ ወደ ቶሪኖ ልመለስ ጥቂት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ሳይነግራት ባቡሩ ላይ ከወጣሁ እንደማልመለስለት ነገርኩት፤ ምዬ ነው የነገርኩት።

የመጨረሻዋ እሑድ ምሳ ከበላን በኋላ እናቴ ጓዳ ገባችና ኮቱን ይዛ ወጣች። ተቦርሿል፣ ቁልፎቹ ሁሉ እንደ አዲስ ተሰፍተዋል።

«ብርዱ ሳይገባ አድርስለት» አለችና ጭኑ ላይ አኖረችለት።

አልፊዮ ሎሚ ለማምጣት አፍሮ አያውቅም፤ ካልሲ ለመቀበልም አላፈረም። ኮቱን ግን ሊያነሣው አልቻለም። እጁ ላዩ ላይ ቀረ።

«እማማ፣ ይሄን የማደርስለት ሰው የለም» አለ። «ቢያጆን አይቼው አላውቅም። አንድም ቀን።»

በዚያው ቅጽበት ባቡሩ አለፈ። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ አባቴ ግድግዳው ላይ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ጠበቀች።

«ኮቱን አስቀምጥ» አለች። «ውጣ።»

*

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም። አትበላም። ጣቢያም አትሄድም። ጋሽ ሳሮ ደጃችን ድረስ መጥቶ «እትዬ ፊሊፓ ምን ሆነች? ወንበሩ ፀሐይ እየመታው ነው» አለኝ። እሷ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሌሊት እናቴ መተንፈሷን ለማወቅ በሩ ላይ እቆም ነበር። በእጄ ገደልኳት ብዬ አሰብኩ፤ ቢሆንም ተመልሼ ውሸቱን ልሰጣት አልቻልኩም። አልፊዮም ድምፁን አጠፋ።

የምሄድበት ቀን ሻንጣዬን ስዘጋ ከኋላዬ ጫማ ሰማሁ። እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻርፗን አስራ፣ ኮቱን በክንዷ ይዛ ቆማለች።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

«ቶሪኖ?»

«ቶሪኖ ምን አለኝ? እስከ ባሕሩ።»

እናቴ ባሕሩን ተሻግራ አታውቅም። የልጇንና የባሏን ሻንጣ በመስኮት ስታቀብል ኖረች እንጂ ባቡሩ ላይ አልወጣችም። ጋሽ ሳሮ ክንዷን ይዞ አሳፈራት፤ ፊሽካውን ሲነፋ ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

መርከቡ ሆድ ውስጥ መብራቱ ሲጠፋ እጄን ያዘችኝ።

«እዚህ ነው የምትቀመጪው?»

«አዎ።»

«ጨለማ ውስጥ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ደረጃው የቱ ጋ ነው?» አለች።

ቢያጆ የወጣበትን ደረጃ ከእሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ወጣሁት። ከፊት እሷ፣ ከኋላ እኔ። ላይ ስንደርስ ነፋሱ ሻርፗን ሊወስደው ታገለ። አልፊዮ ከአራንቺኖ መሸጫው አጠገብ ቆሞ ነበር። የምሄድበትን ቀን ስለሚያውቅ ከጃሬ በሌላኛው ግማሽ ተሳፍሮ መጥቷል፤ ሁለቱ ግማሾች መርከቡ ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። በእጁ በወረቀት የተጠቀለለ አራንቺኖ ይዟል። እናቴን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

እናቴ ወደ ሰገነቱ የብረት አጥር ሄደች። ውኃውን አየችው። በዚያ ቦታ ባሕሩ ዝም ብሎ አይተኛም፤ እዚያው በራሱ ላይ ይዞራል።

«አንተ፣ ና» አለችው ሳትዞር።

ቀረበ።

«አሁን እዚህ ንገረኝ። ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁም፣ እማማ።»

ያን ጊዜ ዞራ አየችው። «ስትዋሽ ዓይንህ ወደ ልጄ ነበር የሚሄደው» አለች። «አሁን ወደ እኔ ነው።»

አራንቺኖውን ከእጁ ወሰደች። ወረቀቱን አወለቀች፣ ዘይቱ እጇን አራሰው። በአጥሩ ላይ ጎንበስ ብላ ወደ ውኃው ለቀቀችው።

«እንካ ልጄ» አለች። «ለሰው ላምጣ ብለህ ወጥተህ አንተ ሳትበላ ቀረህ።»

በአጠገባችን የነበሩ ወታደሮች ሳቃቸውን አቋረጡ። አንዷ ሴት አማተበች። እናቴ እጇን በሻርፗ ጠረገችና አልፊዮን ላይ ታች አየችው። በሸሚዝ ብቻ ነበር፣ ይንቀጠቀጣል።

«በርዶሃል» አለችው። «ልበሰው።»

ኮቱን አለበሰችው። ትከሻው ላይ ልክ ነበር። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረ፤ ከኋላው ሳየው ቢያጆ ነበር። አንገቱ ራሱ፣ ትከሻው ራሱ። ዛሬም ያን ኮት ለብሶ ጀርባውን ሲሰጠኝ ልቤ ቀጥ ትላለች።

ዞረ። አልፊዮ ነበር።

«አሁን ልትጠይቀኝ ትችላለህ» አልኩት።

«ለመሆኑ እሺ ትያለሽ?»

«ጠይቀኝና እወቅ!»

ቪላ ሳን ጆቫኒ ስንደርስ ሻንጣዬን አወረድኩ። እናቴ ደነገጠች። «ባቡርሽ ሊያመልጥሽ ነው!» አለች። «ያምልጠኝ» አልኳት። ሙሉው ባቡር፣ ሁለቱም ግማሽ ተቀጥሎ፣ ወደ ሰሜን ሲሄድ ሦስታችን መሳፈሪያው ላይ ቆመን አየነው። አለፈ፣ አለፈ፣ ማለቂያ አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ ከሮማ የሚመጣው ባቡር ደረሰ። ወደ መርከቡ ሊያስገቡት ሲቆራርጡት እኔና አልፊዮ እየተሽኮረመምን ወደኋላ ቀረን። ቀና ስል እናቴ ፉርጎ ላይ እየወጣች ነው።

«እማዬ! እሱ አይደለም፤ እሱ የሲራኩዛው ነው! የኛ በዚያ በኩል ነው፣ ተሳስተሻል!»

በሩ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችኝ።

«አልተሳሳትኩም» አለች። «ልጄን የምሰጠው ሰው ቤቱ ጣራ ይኑረው አይኑረው ሳላይ ነው? ውጡ አትገተሩ!»

ወጣን። ትንሽ ቆይታ፣ በመስኮቱ በኩል እያየች፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል «ደግሞ በመንገዴ ጣቢያዎቹን አያቸዋለሁ» አለች።

ከመሲና በኋላ ባሕሩ በግራ በኩል መጣ። በሕይወቴ በዚያ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። አልፊዮ እጄን በኮቱ ኪስ ውስጥ፣ በቢያጆ ኪስ ውስጥ፣ ከእጁ ጋር አኖረው። እናቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋለች። ባቡሩ በቆመ ቁጥር መሳፈሪያው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ፣ ሻንጣ የያዘውን፣ ቤንች ላይ የተኛውን፣ አንድ በአንድ ታያለች። ሳንታ ቴሬዛ። ታኦርሚና። ጃሬ ስንደርስ ከሁሉ ኋላ ወረደች። መሳፈሪያው እስኪጸዳ ቆመች።

«ዛሬም አልቀናውም» አለች።

ከዚያ አንድ እጇን ለእኔ፣ አንድ እጇን ለአልፊዮ ሰጠችን፤ ሄድን።

*

እናቴ አሁን ፓቲ ከአባቴ ጎን ተኝታለች። እኛ ጃሬ ነው ያረጀነው። ባቡሩም አረጀ። ያ ጅራቱ ከመሳፈሪያ ውጪ ይቀር የነበረው ዛሬ ጥቂት ፉርጎ ብቻ ነው የሚጎትተው፤ ሰው በአውሮፕላን ይሄዳል። አንድ ቀን መርከቡ ባቡር መሸከም ያቆማል እያሉ ያወራሉ። ያቁም አያቁም አላውቅም። እስካለ ድረስ እኛ በሱ ነው የምንሄደው።

አሁን ወደ ሰገነቱ እወጣለሁ። ሦስት አራንቺኖ እንገዛለን፤ አንዱን ለውኃው እንሰጣለን። ከዚያ ቀድሜ እወርድና ጨለማው ውስጥ እቀመጣለሁ። ቦርሳዬን ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ላይ አደርጋለሁ። የብረቱ ደረጃ ይጮሃል፣ ኮቴ በኮሪደሩ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል። በየጊዜው፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ማን እንደሆነ ለአንድ አፍታ አላውቅም።

«ቦታው ሰው አለው?» ይላል አልፊዮ።

«አለው» እለዋለሁ።

ቦርሳዬን አንሥቶ ጭኑ ላይ ያደርግና ይቀመጣል።